ሕሙማንን ትቶ ሉርድ መሄድ ምን ማለት ነው? ለጉዞ አዘጋጅ ኮሚቴው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሉርድ መንፈሳዊ ጉዞ አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት
ሐዋሳ

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።

ይሄን ደብዳቤ በአደባባይ የምንጽፈው ቤት ውስጥ እንነጋገር ብለን ጠይቀን መልስ ስላጣን ነው፣ ስልክ ስንደውል ስብሰባ ላይ ነን ትላላችሁ፣ ቢሮ ስንመጣ ሰብሳቢው አዲስ አበባ ናቸው ይባላል፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ደግሞ እናንተ ብቻ እንድትጽፉ አድርጋችሁ ዘግታችሁታል። ስለዚህ ምእመኑ ሁሉ ይስማው ብለናል።

ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ፈረንሳይ አገር እመቤታችን ወደተገለጠችበት ወደ ሉርድ ጉዞ አለ ተብሎ በየቁምስናው ሲነገር መጀመሪያ ሮጠን የተመዘገብነው ሕሙማን፣ አካል ጉዳተኞችና እኛን የሚያስታምሙ ሰዎች ነን፣ ማስታወቂያውም ላይ በትልቁ የተጻፈው "የሕሙማን ጉዞ" የሚል ነበር። ፓስፖርት አወጣን፣ ቅድመ ክፍያ ከፈልን፣ የሐኪም ወረቀት አምጡ ስትሉን ተሰልፈን አመጣን። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ሰው ሊተኛ ሲል በራሳቸው መንቀሳቀስ የማይችሉና ቋሚ ረዳት የሚፈልጉ ተመዝጋቢዎች በዚህ ዙር እንደማይካተቱ፣ በሚቀጥለው ዙር ቅድሚያ እንደሚያገኙ የሚገልጽ አጭር መልእክት ለጠፋችሁ። አለቀ። የማን ውሳኔ እንደሆነ፣ ማን እንደተጠየቀ፣ ብራችን የት እንደገባ ምንም የለውም። በኛ ቦታ ማን እንደገባ ግን ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናትና ሰምተናል፣ ጤነኛ፣ መክፈል የሚችል፣ ፎቶ መነሳት የሚወድ ሰው ነው የገባው። እነሱም ይሂዱ፣ እመቤታችን የሁሉም እናት ናት፣ ግን በኛ ስም በተከፈተ መዝገብ ለምን?

እስቲ ሉርድ ራሷ እንዴት እንደጀመረች እናስታውስ፣ ምክንያቱም ኮሚቴው ይሄን የረሳው መሰለኝ። ቤርናዴት ሱቢሩ እ.ኤ.አ. በ1858 የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፣ አባቷ የወፍጮ ሥራው ከስሮበት ቤተሰቡ በሙሉ ድሮ እስር ቤት በነበረ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው፣ እሷ ደግሞ አስም ነበረባት። የካቲት ወር ላይ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 11፣ ከእህቷና ከጓደኛቸው ጋር እንጨት ለመልቀም ወጡ። ማሳቢየል ከሚባለው ዋሻ ፊት ለፊት ቀዝቃዛ ውሃ መሻገር ነበረባቸው፣ ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው ተሻገሩ፣ ቤርናዴት ግን ብርዱ አስሟን እንዳይቀሰቅስባት ፈርታ ወደኋላ ቀረች። እመቤታችን የተገለጠችው ለዛች በሕመሟ ምክንያት ወደኋላ ለቀረችው ልጅ ነው፣ ጤነኞቹ ተሻግረው እንጨት ሲለቅሙ። ዛሬ ቤርናዴት ሐዋሳ መጥታ እናንተ ጋ ብትመዘገብ "አስም አለባት፣ ለሚቀጥለው ዙር" ተብላ ትመለሳለች። ቀልዴን አይደለም፣ መስፈርታችሁን አንብቡት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እስከ ጁላይ 16 ድረስ 18 ጊዜ ተገለጠችላት፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን ጭቃውን በእጇ ስትጭር ምንጩ ወጣ፣ ሉርድ ያለችበት የታርብ ሀገረ ስብከት ጳጳስ ደግሞ ነገሩን አስመርምረው በ1862 አጸደቁት። ቤርናዴት ራሷ ግን ከሕመሟ አልዳነችም፣ በ35 ዓመቷ ኔቨር በሚባል ከተማ ገዳም ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ነው ያረፈችው። ይሄን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ምክንያቶቻችሁ። በጽሑፍ አልሰጣችሁንም፣ በየመንገዱ ከአባሎቻችሁ የሰማነውን ነው የምመልሰው፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

አንደኛው "ሉርድ ለዊልቸር አይመችም፣ እዛ ማን ያግዛቸዋል" የሚለው ነው። ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ ከኮሮና በፊት አብሬያቸው እሠራ የነበሩ ሲስተሮች የታመመች መነኩሲት እንዳስታምም ይዘውኝ ሄደው ቦታውን አይቼዋለሁ። ለዊልቸር እንደ ሉርድ የሚመች ከተማ አላየሁም። በሽተኞች የሚያርፉባቸው ትልልቅ ቤቶች አሉ፣ አኬይ ኖትር ዳም እና አኬይ ማሪ ሴንት ፍሬ ይባላሉ፣ የሆስፒታል አልጋ፣ ሰፊ ሊፍት፣ ዊልቸር የሚገባበት ሽንት ቤት ያላቸው ናቸው። ሰማያዊ ሽፋን ያላቸው በእጅ የሚጎተቱ ጋሪዎች አሉ፣ የሚጎትቱት ደግሞ ከየአገሩ በራሳቸው ወጪ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ተማሪ አለ፣ ዶክተር አለ፣ ጡረተኛ አለ። በየሄዱበት በሽተኛ ይቀድማል። ዋሻው ጋ፣ መታጠቢያው ጋ፣ ከሰዓት በኋላ ቅዱስ ቁርባን ይዘው በሚዞሩበት ዑደት ላይ ሕሙማን ፊት ይሰለፋሉ፣ ጤነኛው ከኋላ ይቆማል። ከመሬት በታች የተሠራው የቅዱስ ፒዮስ 10ኛ ባሲሊካ 25 ሺህ ሰው ይይዛል ይባላል፣ የሚገባበት ደግሞ በደረጃ ሳይሆን እንደ መንገድ ተዳፋት ሆኖ በሚወርድ መግቢያ ነው፣ ጋሪውና ዊልቸሩ ተሰልፎ ሲገባ ብታዩት። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሻማ ይዞ መቁጠሪያ እየደገመ ይዞራል፣ እዚያም መሪዎቹ ሕሙማን ናቸው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ኦገስት ላይ እዛ ሲሄዱ እንደ በሽተኛ ሆነው ነው የሄዱት፣ መቆም አይችሉም፣ መናገርም ያቅታቸው ነበር፣ ከሀገር ውጪ ያደረጉት የመጨረሻ ጉዟቸውም እሱ ሆነ። ፌብሩዋሪ 11ን የዓለም የሕሙማን ቀን ብለው የሰየሙትም እሳቸው ናቸው፣ በ1992። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በዊልቸር የሄዱበትን ቦታ ለኛ አይመችም ብላችሁ ስትነግሩን ምን እንድንል ነው?

ሁለተኛው ቪዛና በረራ ነው። እውነት ነው፣ ከባድ ነው፣ አንክድም። ወደ ፈረንሳይ ለሚያስገባው የሸንገን ቪዛ አመልካቹ ራሱ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አሻራ መስጠት አለበት፣ ማመልከቻው ብቻ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ግን ይሄ ለጤነኛውም ያው ነው እኮ! ለኛ የሚጨመረው አዲስ አበባ ድረስ የሚወስደን መኪና ነው፣ እሱን ደግሞ ቤተሰቦቻችን ተዋጥተው ሚኒባስ ሊከራዩ ተስማምተው ነበር፣ ፓስፖርቶቹን ተቀብላችሁ ሳታስገቡ እናንተ ጋ ነው የቀሩት። አየር መንገድም ቢሆን ቀድሞ ከተነገረው ዊልቸርና የሚገፋ ሰው ያለ ክፍያ ያዘጋጃል፣ ለከባድ በሽተኛ ሐኪሙ የሚሞላው ፎርም አለ፣ ፓሪስ ከደረሱ በኋላ በፈጣን ባቡር 5 ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት ስልክ ደውላችሁ ጠይቃችሁ ነበር? ጠይቃችሁ እምቢ ከተባላችሁ ወረቀቱን አሳዩን፣ እኛም አፋችንን እንዘጋለን።

አንድ አባል ደግሞ "ኤምባሲው ይጠፋሉ ብሎ ይፈራል" አለ አሉ። ወንድሜ፣ ከአንገቱ በታች የማይታዘዝለት ልጅ በየት በኩል ነው የሚጠፋው? ከሉርድ አጠገብ ያለውን የፒሬኔ ተራራ ሊሻገር ነው? የሚጠፋ ካለ እኮ በኛ ቦታ ካስገባችኋቸው ውስጥ ነው የሚገኘው። (ይሄን ያልኩት ለመሳቅ ነው፣ ግን አስቡበት።)

ስም ሳልጠራ ጥቂት ሰዎችን ልንገራችሁ፣ እናንተ ፋይላቸውን ስለያዛችሁ ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። አቶቴ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት አለች፣ ልጇ ሲወለድ ታፍኖ አንጎሉ የተጎዳ ነው፣ አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ አዝላው ነው የምትዞረው፣ ልጁ ደግሞ እያደገ እሷ ጀርባዋ እያለቀ ነው። እቁቧ ሲደርሳት ሱቅ ልትከፍትበት የነበረውን ብር ነው ቅድመ ክፍያ ያደረገችው። የዚህች እናት ልጅ ፎቶ ነው ለገቢ ማሰባሰቢያ ፖስተራችሁ ላይ የወጣው! ልጁ ፖስተር ላይ ሲፈለግ ተገኘ፣ አውሮፕላን ላይ ግን ቦታ የለውም።

ባጃጅ ሲነዳ ተገልብጦ አከርካሪው የተጎዳ ወጣት አለ። እንደሌሎቻችን አይለምንም፣ አይማለድም፣ "ልዳን ብዬ አይደለም የምሄደው፣ እንደኔ ያለ ሰው ብዙ ሆኖ ባንድ ቦታ ማየት ነው የምፈልገው" ነው የሚለው። ቤት ውስጥ ጣሪያ እያየ ለሚውል ሰው ይሄ ትንሽ ነገር መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እኔ ሉርድ ላይ ያየሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በሽተኛ ሰው የማያፍርበት፣ ማንም ከንፈሩን የማይመጥበት ቦታ ነው። እኛ አገር እኮ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ሳንቲም የሚወረውርለት አለ።

ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው የማይሠራ አባት አሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች ናቸው፣ ውሳኔውን የሰሙት ከሰው ነው፣ ስማርት ስልክ ስለሌላቸው። የእድሜ ልክ ካቴኪስት ነበሩ፣ ከናንተ ውስጥ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሯቸው አሉ።

ሁሉም መሄድ አለበት እያልኩ ግን አይደለም፣ ይሄን እንደ ነርስ ልናገር። በሳምንት 3 ጊዜ የኩላሊት እጥበት የምታደርግ አንዲት እህት አለችን፣ እሷ እዛ ሆና እጥበቱ ካልተያዘላት መሄድ የለባትም፣ እኔም ራሴ ነግሬያታለሁ። ልቡ በጣም የደከመ ሰውም ሐኪሙ ካልፈቀደ ይቅር። ግን ይሄ አንድ በአንድ በሐኪም የሚታይ ነገር ነው፣ እናንተ ግን "በራሱ የማይንቀሳቀስ" ብላችሁ ሁላችንንም ባንድ ማጭድ አጨዳችሁን።

የገንዘቡ ነገር። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ማለቴ ነው፣ ዩሮ የት እንደደረሰ እናውቃለን፣ ወጪ ጨመረ ስትሉን ተረድተን ነበር። የማንረዳው ግን ሌላ ነው። ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆማችሁ "ለአቅመ ደካማ ሕሙማን ትኬት" ብላችሁ የሰበሰባችሁት፣ በየሠርጉና በየሰንበቴው የተዋጣው፣ ውጭ ካሉ ልጆቻችን የተላከው ስንት ነው? የማን ትኬት ተገዛበት? ሕሙማን ካልሄዱ ያ ብር የሕሙማን ነው፣ ለጤነኛ ሰው ሆቴል መክፈያ መሆን አይችልም። እስካሁን አንድ ገጽ ሒሳብ አላየንም። ቅድመ ክፍያችንን መልሱልን ያሉትንም "ከተቀነሰ በኋላ" ብላችኋቸዋል፣ ምን ሊቀነስ? ወደ ኤምባሲ ያልገባ ፓስፖርት ምን ወጪ አለው?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቀጥሎ የምለው ነው።

ፖስተራችሁ ላይ "ፈውስ የተረጋገጠበት ቦታ" ይላል። ማን አረጋገጠላችሁ? ሉርድ ላይ እኮ ከ1883 ጀምሮ የሕክምና ቢሮ አለ፣ ዳንኩ የሚል ሰው እዛ ይመዘገባል፣ ሐኪሞች በፊት የነበረውን የሕክምና ማስረጃ ያያሉ፣ በሽታው ከባድ ነበር ወይ፣ ፈውሱ ድንገት ነው ወይ፣ ሙሉ ነው ወይ፣ ቆይቷል ወይ፣ መድኃኒት ያመጣው አይደለም ወይ ብለው ለዓመታት ይከታተላሉ፣ የማያምን ሐኪም እንኳን መጥቶ ፋይሉን ማየት ይችላል። ከዚያ ወደ ዓለም አቀፉ የሐኪሞች ኮሚቴ ያልፋል፣ በመጨረሻ ተአምር ነው ብሎ የሚያውጀው የሰውየው ሀገረ ስብከት ጳጳስ ነው። ከ7,000 በላይ ሰው ዳንኩ ብሎ ቀርቦ ቤተክርስቲያን ተአምር ብላ ያጸደቀችው 70ን ትንሽ ያለፈ ብቻ ነው፣ ከ160 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ። ውሃውም ቢሆን ተመርምሮ ተራ የምንጭ ውሃ ነው የተባለው፣ ይሄን ደግሞ ቤተክርስቲያኗ ራሷ አትደብቅም። እንግዲህ ቦታው ራሱ እንዲህ ሲጠነቀቅ እናንተ ከዚህ ከሐዋሳ ሆናችሁ "ተረጋገጠ" ትላላችሁ። ቤርናዴት እንኳን አልዳነችም ብዬ የጀመርኩት ለዚህ ነው፣ እመቤታችን በዚህ ዓለም ደስተኛ አደርግሻለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም ነው ያለቻት፣ እናንተ እሷ ያልገባችውን ቃል እየገባችሁ ነው።

ይሄ የቃል ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ከተመዝጋቢዎቹ አንዱ ወጣት የሚጥል በሽታ አለበት፣ ከናንተ አስተባባሪዎች አንዱ "በእምነት ተዘጋጅ፣ መድኃኒት እየዋጥክ ፈውስ አይጠበቅም" ብሎት ክኒኑን አቆመ። ቡና እየተፈላ ከሰሉ አጠገብ ወድቆ እጁ ተቃጠለ፣ አሁንም በፋሻ ነው። ያ አስተባባሪ አሁንም አስተባባሪ ነው። የሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት ማቆም ሰው ይገድላል፣ ይሄን ጀማሪ ነርስም ያውቀዋል። ሉርድ ላይ ማንም መድኃኒትህን ጣል አይልም፣ በሽተኞቹ ማረፊያ ውስጥ ነርሶቹ በሰዓቱ ክኒን ሲሰጡ ነው ያየሁት፣ እኔም የያዝኳትን መነኩሲት የስኳር መርፌዋን ጠዋት ወግቼ ነው ወደ ዋሻው የምወስዳት።

ውሃውስ? ካለፈው ጉዞ የመጣ የሉርድ ጸበል ተብሎ በትንንሽ ጠርሙስ እየተሸጠ ነው። "ለኮሚቴው ማጠናከሪያ" ይባላል። ሉርድ ላይ ውሃው ከቧንቧ በነፃ ነው የሚቀዳው፣ ሰው ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል፣ የሚከፈለው ለባዶው ጠርሙስ ነው። በነፃ የተቀዳውን እዚህ ለዛውም ለበሽተኛ መሸጥ እንዴት እንደሚያስኬዳችሁ አላውቅም። ደግሞ ያ ሁሉ ጠርሙስ ከአንድ ሻንጣ ወጣ ብሎ ማመን ይከብዳል፣ ይሄን እዚህ ላይ ልተወው።

ቢሮአችሁም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ስለ ሕሙማን ጉዞ የሚወያየው ስብሰባ ሕሙማን የማይወጡት ፎቅ ላይ ነው የሚካሄደው። የባጃጁ ልጅ አንድ ጊዜ በጓደኞቹ ሸክም ወጥቶ ስብሰባው ተላልፏል ተብሎ በሸክም ወርዷል። ታች ያለው ካፌ በረንዳ ላይ ብትሰበሰቡ ምን ነበረበት፣ ማኪያቶም ይገኛል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው፦

ውሳኔው ይነሳ፣ እያንዳንዱ ተመዝጋቢ በሐኪም ታይቶ መሄድ የሚችለው በተመዘገበበት ተራ ይሂድ፣ የማይችለው ደግሞ ምክንያቱ በወረቀት ይነገረው። መቀመጫው ካለቀ የሚቀነሰው በኛ ቦታ የገባው ይሁን።

በሕሙማን ስም የተሰበሰበው ገንዘብ ሒሳብ በየቁምስናው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መሄድ የማይፈልግ ወይም የማይችል ሰው ቅድመ ክፍያው ሳይቆረጥ ይመለስለት፣ ፓስፖርቶቻችንም በዚህ ሳምንት ይመለሱልን።

"ፈውስ የተረጋገጠበት" የሚለው ፖስተር ይውረድ፣ የልጁ ፎቶ እናቱን ሳታስፈቅዱ የትም እንዳይወጣ። የውሃ ሽያጩ ይቁም። መድኃኒት አቁሙ የሚል ማንኛውም አስተባባሪ ከሥራው ይነሳ፣ ክኒኑን ያቆመው ልጅ ቤት ሄዶም ይቅርታ ይጠይቅ። ማንም ተመዝጋቢ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒት እንዳያቆም እናንተው በራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ጻፉ፣ ይሄ ዛሬውኑ የሚደረግ ነው፣ ብርም አይፈልግም።

ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሕሙማን ወይም አካል ጉዳተኞችና አንድ የጤና ባለሙያ ይግቡ፣ ስብሰባውም ምድር ቤት ይሁን። እኔ አልገባም፣ እድሜዬም አይፈቅድም፣ የሚችሉ ወጣት ነርሶች ግን አሉ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።

መልሳችሁን በቴሌግራም ሳይሆን በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ እንጠብቃለን። ሌላ ቅጂ ለቆሞሱ ሰጥተናል።

ከአክብሮት ጋር

ለሉርድ ጉዞ የተመዘገብን የሐዋሳ ሕሙማን፣ አካል ጉዳተኞችና አስታማሚዎች ተወካይ
(ጡረተኛ ነርስ)